ለማስመሰል የተገዛው ጫት

የሺአረግ ሳሎኑን እንዳየች «እናንተ ጤና የላችሁም!» አለች። ለእረፍት ከኮሌጅ የመጡት ጴንጤ ተማሪዎች ከዚራ ሰፈር እነየሺአረግ ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ፣ ቀበሌ ድንገት ቢመጣ ተሰብስበው ጫት የሚቅሙበት በርጫ እንዲመስል መሃላቸው ጫት ይዘረጋሉ። ዛሬ ግን ጫት ለመተው ሲታገል የከረመው ወንድሟ ዘገዬም አብሯቸው ነበር። ሊያበረታቱት ጠርተው ፊቱ ጫት ይጎዘጉዙለታል!

ላንሳው ብላ ሳታጎነብስ በሩ ተንኳኳ። አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱን ትራስ ስር ወሸቀ። የአብዮት ጥበቃው ጓድ ሀብተ ማርያም ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ ገባ።

«በርጫ ነው? ታዲያ ጉንጫችሁ ምነው ባዶ?» አለና አንድ ቀንበጥ ቀንጥሶ ለዘገዬ ዘረጋለት። «አቦ፣ እንካ ቅመስ! ጴንጤ ካልሆንክ።»

ዘገዬ ከቃመ አለቀለት፤ ካልቃመ ሁሉም መታሰራቸው ነው።

«አልቅምም ጓድ» አለ ዘገዬ። «ሊያሳብደኝ ነበር፣ ትምህርቴንም ሊያስጥለኝ ነበር። ትቻለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጓደኞቼ ናቸዋ! ብቻዬን ከሆንኩ እመለስበታለሁ።»

ሰውየው አፍጥጦ አየው። ከዚያ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁጭ አለ። «እንግዲያው ድርሻህን እኔ እቅማለሁ። እናንተስ? አላምጡ እንጂ!»

ምን ይደረግ? ጫት በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ጴንጤዎች ፊታቸውን እያጨማደዱ እስኪመሽ አብረውት አላመጡ። ከመሃላቸው አፉ ባዶ የነበረው ዘገዬ ብቻ ነው።