ሁለቴ የማይጠይቁ ሰዎች

ፅናት ደክሟታል። የእንቅልፍ ድካም እንዳይመስላችሁ፣ የማመልከት ድካም ነው። ወልድያ አካውንቲንግ ተምራ ከጨረሰች ወዲህ ላሊበላ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ትቀመጣለች። እንግዳ እንደሆነ ድሮ ቀረ፤ እሷም በሆቴሉ ዋይፋይ ለአውሮፓ ቢሮዎች ስታመለክት ትውላለች። ሆላንድ አመለከተች፣ ቤልጅየም አመለከተች፣ ሉክሰምበርግ የሚባለውንማ ካርታ ላይ በመከራ ነው ያገኘችው። መልሱ ወይ አይመጣም፣ ወይ «እዚህ የሥራ ፈቃድ ያለው ብቻ» ይላል። እንዴ፣ እዛ ለመሄድ አይደል እንዴ የምታመለክተው!

አንድ ቀን ግን ጠሯት። ጀርመን ያለ የጉዞ ድርጅት ነው፤ ቢሮው የሂሳብ ሰው ፈልጓል፣ ፈቃዱንም እኛው እናስጨርሳለን ብሏል። ኢንተርቪው በቪዲዮ።

ዮኒ የሚባል አብሯት ያደገ አስጎብኚ አለ፤ ሥራ ስለጠፋ ከሪሴፕሽኑ ሶፋ አይነሳም።

«ስሚ፣ እንዳትሽኮረመሚ» አላት። «የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፊት የቀረብሽ እንዳይመስልብሽ።»

«አንተ ደግሞ መካሪ! ሶፋው ላይ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሶፋውንም አስጎበኛለሁ፣ ሰው ይምጣ ብቻ።»

ኢንተርቪው የምታደርጋት ፀጉሯን ያሳጠረች ሴትዮ ናት። የሂሳብ ጥያቄ ስትጠይቃት ፅናት እንደ ውኃ አወረደችው። ኔትወርኩም፣ ተመስገን፣ ያን ቀን አልተቆረጠም። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና «የቀራችሁት አንቺና አንድ ልጅ ናችሁ። ሥራውን ለአንቺ ብንሰጥ ትመጫለሽ?» አለቻት።

እናቷ እትዬ ባንችይርጋ ደግሞ እንዴት እንዳሳደጓት! ሰው ቤት «ብዪ» ሲሉሽ፣ አንጀትሽ ቢጮህም «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ ክንድሽን ይጎትታል፣ ያኔ ትቀርቢያለሽ። አንዴ ሲሏት ዘላ የምትቀርብ ልጅ እናቷን ታሰድባለች።

እና ምላሷ ቀደማት። «ኧረ እኔ ምንም አይደል... እሱ የባሰ ችግር ካለበት ለሱ ስጡት» አለች። ፈገግ ብላም ጠበቀች።

ሴትዮዋ አቀርቅራ የሆነ ነገር ጻፈች። «ስለ ግልጽነትሽ እናመሰግናለን» አለችና ስክሪኑ ጠፋ።

ፅናት ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቀረች።

«ምን አልሻት አንቺ?» ዮኒ ከሶፋው ብድግ አለ፤ ከዛ ሶፋ ሲነሳ ሲታይ ያኔ ገና መጀመሪያው ነው።

«ያው... ጨዋነት ነዋ። ደግማ ትጠይቀኛለች ብዬ።»

«ፅንዬ፣ ፈረንጅ እኮ ‹አልበላም› ካልሽው ሳህኑን ያነሳል! እኔ የጉርሻ ብር ሲሰጡኝ ‹ኧረ ይቅር› ብዬ ስንቴ መልሰው ኪሳቸው ከተውታል!»

«ታዲያ ይሄን ቀድመህ አትነግረኝም?»

«አትሽኮረመሚ አላልኩሽም?»

ኢሜይል ጻፈች። መምጣት ትፈልጋለች፣ እንደዛ ያለችው ለወግ ነው፣ እባካችሁ። ስትጽፈው ከሰው ድስት እጇን የከተተች መሰላት፤ አጠፋችው፣ መልሳ ጻፈችው፣ ላከችው። በማግስቱ መልስ መጣ፦ አንቺ ፍላጎት እንደሌለሽ ስለተረዳን ልጁ ፈርሟል፣ መልካም ዕድል።

ማታ ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው። እትዬ ባንችይርጋ ሽሮውን ማማሰል ትተው ዞሩ።

«አንዴ ብቻ ጠይቀው ተዉሽ?»

«አዎ እማዬ።»

«ሁለተኛ እንኳ ሳይሉሽ? ኧረ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው! እንኳንም ቀረብሽ። እንዲህ ያለ አገር ብርዱ ቢምርሽ ሰዉ አይምርሽም።»

ፅናት መሳቅም ማልቀስም አቃታት። እናቷ አልተሳሳቱም፤ ሴትዮዋም አልተሳሳተችም። ያደከማት እኮ ይሄ ነው፣ የምትቆጣው ሰው አጣች።

«አሁንስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«አየርላንድ የሚባል አገር ደግሞ አንድ ቢሮ አለ።»

«እነሱስ ሰው ያውቃሉ?»

«እንጃ እማዬ።»

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች። እናቷ ያቺን ሴትዮ እያሙ ወደ ድስታቸው ተመለሱ። ፅናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና «እፈልገዋለሁ፣ ለእኔ ስጡኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ እናቷ እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተለማመደች። ባለችው ቁጥር ጆሮዋ ይግላል። ግን ደግማ አለችው።