የአባቴ ቃር

አባቴ ቅዳሜ ኑዛዜ ሊናገር ወንድሞቹን መጥራቱን የሰማሁት ሐሙስ ዕለት፣ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ታናሽ እህቴ ገነት ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። እኔ አላለቀስኩም፤ ደሜ ፈላ። የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ አንድ ኪሎ እንኳ ያልቀነሰ፣ ምን ቆርጦት ነው የሚናዘዘው? አስፈቅጄ በማግስቱ አንኮበር ወረድኩ።

ነገሩ የጀመረው ካለፈው ክረምት ነው። ደረቱን ያቃጥለዋል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሲያስለው ያድራል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ክሊኒክ ደም ቀድቶ «ታይፎይድ ነው» አለ። በዚህ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው ካለ ያልተመረመረ ብቻ ነው። መርፌውን ጨረሰ፣ ቃጠሎው ግን ባለበት ቀረ። ሁለተኛው «ልብ ሊሆን ይችላል» ብሎ አስደነገጠን፤ ልቡ ሲታይ ደህና ሆነ። ሦስተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «ጨጓራው በኢንዶስኮፒ ሳይታይ ምንም ማለት አይቻልም። መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» አለ። ጎረቤታችን ገብረ ጻድቅ በኢንዶስኮፒ ታይቶ ካንሰር ተባለና በሁለተኛው ወር ተቀበረ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም።

ቤት ስደርስ አጥር ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«ማነው ትሞታለህ ያለህ?» አልኩት።

«ማንም አላለኝም። እንዲህ ያለውን ማን ደፍሮ ይናገራል?»

«ተነስ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«አራተኛ ሊሆን ነው፣ መቅደስ።»

«ተነስ ብዬሃለሁ።»

እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ተነሳ።

ጤና ጣቢያ ያገኘነው ሳምሶን የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው። የገባሁት ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የያዝነውን የወረቀት ክምር አገላብጦ ወደ ጎን አደረገና አባቴን አየው።

«ጋሼ፣ መቼ መቼ ነው የሚብስብዎት?»

«ስተኛ። አጎንብሼ ሳጭድም ነበር።»

«ኮምጣጣ ውኃ ወደ አፍዎ ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ።»

«ምግብ ሲውጡ ይያዝብዎታል? ደም አስመልሶዎት ያውቃል? ሰገራዎስ ጠቁሮ ያውቃል?»

«ኧረ የለም።»

ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ቃር ነው» አለ። «የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። ለዚህ አሁን ኢንዶስኮፒ አያስፈልግም። ይህን ኦሜፕራዞል በየቀኑ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት ለስምንት ሳምንት ይውሰዱ። እራት በልተው ወዲያው አይተኙ። ካልተሻለዎት ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት ያን ጊዜ እንልክዎታለን።»

ንዴቴ ባሰ። ዐሥር ወር ሙሉ! ይህችን የሚጠይቅ አንድ ሰው ጠፍቶ አባቴ መቃብሩን ሲያስብ ከረመ። ሁሉንም ለሳምሶን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት፤ ሦስቱንም ክሊኒኮች እሱ የከፈታቸው ይመስል። ስጨርስ ወደ አባቴ ዞረ።

«ጠዋት በባዶ ሆድዎ የሚወስዱት ነገር አለ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። «ፌጦ በሎሚ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«አያቃጥልዎትም?»

«እሳት ነው እንጂ። ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም።»

«ታዲያ ለምን ይጠጡታል?»

«እሷ ናት ያሽርሃል ብላ ፌጦውን እየወቀጠች ከደብረ ብርሃን በየሳምንቱ የምትልክልኝ» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። «ከሥራ ደክሟት ገብታ የወቀጠችውን እንዴት እደፋዋለሁ?»

ሳምሶን እኔን አላየኝም፤ መጻፉን ቀጠለ። ሐኪሞቹን ሁሉ ስረግም ከርሜ፣ እኔም «ፌጦው ምን አደረገህ?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ስደውል «ጠጣኸው?» ብቻ ነበር የምለው። «ጠጥቻለሁ» ይለኝ ነበር።