የኸድር ጥጃ

ኸድር ተስቆበት አያውቅም። ደብረ ታቦር ላይ አርባ ዓመት ኮርቻ ሲሰፋና ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው ነው። «እጁ ያረፈበት ቆዳ አይሸትም፤ ስፌቱም አይፈታም» ይባልለታል። እሱም ሲባል ሰምቶ አስተባብሎ አያውቅም።

እቴነሽ ከገሳይ መንደር የጥጃ ቆዳ ተሸክማ ስትመጣ ታዲያ ነገሩ ቀላል መሰለው። እቴነሽ የሟች እህቷን ሕፃን በላም ወተት የምታሳድግ ሴት ናት። ያለቻት ላም ዳሚት ብቻ ናት፤ እሷም ጥጃዋ ከሞተባት ወዲህ ወተቷን አልሰጥ ብላለች። እንዲህ ሲሆን የሞተው ጥጃ ቆዳ ጭድ ይጠቀጠቅበትና ከላሟ ፊት ይቆማል፤ ላሟም እሱን እየላሰች ትታለባለች። ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ዘዴ ነው።

«ባሌ በነበረ ጊዜ እሱ ነበር የሚጠቀጥቀው፤ የኔ እጅ እንደሁ አልሆን አለ ጋሽ ኸድር። ዳሚት ከነጠፈች ሕፃኑ አለቀልኝ» አለችው።

«ጭድ የተጎሰረበት ስልቻማ አልሰጥሽም። ቆሞ እምቧ የሚል ጥጃ ነው የምሠራልሽ!»

ጥጋብ ነበር። ቆዳውን ፋቀ፣ ደጋግሞ በሳሙና አጠበ፣ በቅባት አሸ። እግሮቹን በባሕር ዛፍ እንጨት አቆመ። ከሆዱ በኩል ሳይታጠብ የተረፈውን ጥሬ የቆዳ ቁራጭ መጣሉ ስላሳሳው ጨው ነስንሶ ከጭዱ ጋር ውስጡ ከተተው። ለዓይኑ ከአሮጌ ካፖርቱ ሁለት ቁልፍ ነቀለ። ሲደርቅ ግን ቆዳው ተኮማተረ። ከንፈሩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ሳቅ ሆነ፤ አንዱ ዓይን ሰማይ፣ ሌላው ምድር አየ፤ አንገቱም ሳያጠና ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ቀጥ አለ።

ልጁ ሰሚራ ሳቋን አፍና ቀረጸችውና ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶት ነበር።

ኸድር ይህን ሲሰማ አንጀቱ ቆሰለ። «አርባ ዓመት የሰፋሁትን ኮርቻ ማንም ሳያየው፣ ይኼን ጉድ አገር አየው?»

«ኮሜንቱን ላንብብልዎ አባባ። አንዷ ‹ሰርግ ላይ በድንገት ዝፈኚ ስባል› ብላለች። ሌላው ደግሞ ‹አስተማሪው ገባህ ወይ ሲሉኝ፣ አዎ ስል› ይላል። ይኼኛው…» ድምፅዋ ቀነሰ። «‹እናቴ ከሞተች ወዲህ፣ ደህና ነኝ ስል ይኼን ነው የምመስለው› ይላል።»

ኸድር የመጨረሻውን እንድትደግምለት ጠየቃት። ከዚያ ጥጃውን ትክ ብሎ አየው። እውነተኛ ጥጃ ቢመስል ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ጥጃማ በየደጁ ሞልቷል። ይኼ ግን ጥጃ ለመሆን ተፍጨርጭሮ ሳይሆንለት ቀረ፤ ሰዉም ራሱን አገኘበት። ነገሩ ኸድርን አስደነቀው፤ አስፈራውም። አፍሮ ከማያውቀው እጁ የሰው ሁሉ መልክ ወጥቶ ኖሯል!

ኸድርና ሰሚራ ጥጃውን ይዘው ገሳይ ሲደርሱ ቪዲዮውን ያየ ሰው ስልኩን ወድሮ ይጠብቃል። ጥጃው ከዳሚት ፊት ቆመ። ዳሚት አሸተተችው፣ አናፋችና በእርግጫ ገለበጠችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሕፃኑን ያዘለችው እቴነሽ ግን አልሳቀችም። ጥጃውን አንስታ አፍንጫዋን ቆዳው ላይ ደፋች።

«ሳሙና ነው የሚሸተው ጋሽ ኸድር» አለች።

ኸድር ክው አለ። የሚኮራበት እጁ፣ ጠረን የሚያጠፋው እጁ፣ ለላሟ የቀራትን ልጅ አጥቦ ጨርሶታል። ከዚያ ጥጃው ሆድ ውስጥ የከተተው ያልታጠበ ቁራጭ ትዝ አለው። ወስፌውን ሳይሆን ቢላዋውን መዘዘና አይፈታም የተባለውን ስፌቱን በሰው ፊት ዘነጠለው። ቁራጩን አውጥቶ በጥጃው አንገትና ጀርባ ላይ አሰረ። ጭዱ ተዘረገፈ፤ ጥጃው ጎበጠ። አሁንማ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሳቁ ባሰ።

ዳሚት ቀረበች። አሸተተች። ከደረቷ ጥልቅ የሆነ ድምፅ ወጣ። ቁራጩን ላሰችው፤ ከዚያ ጠማማውን አፍ፣ ከዚያ ሰማይ ሰማይ የሚያየውን ቁልፍ ላሰች። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። እቴነሽ የማለቢያ ግሬራዋን ይዛ ከላሟ ጎን ተንበረከከች፤ ወተቱም የግሬራውን ወለል ሲመታ ተሰማ።

«ሱብሐነላህ» አለ ኸድር።

ሰሚራ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ታለቅሳለች። ኸድር ትከሻዋን ነካት።

«ለዚያ እናቱ ለሞተችበት ልጅ ጻፊለት።»

«ምን ብዬ?»

«እንዲያም ሆኖ ላሰችው በይው።»