በየትምወርቅ ዶሮ ላይ የቀረበ ክስ

ጌቱ በሕይወቱ እግዚአብሔርንና ሚስቱን እንጂ ሌላ የሚፈራው አልነበረውም፤ የየትምወርቅን ዶሮ አንጀት እስካየባት ቅዳሜ ድረስ።

የትምወርቅ ባሕር ማዶ፣ ዉድበሪ በምትባል ከተማ፣ ከቤቷ ጓሮ ዶሮ ታረባለች። የቤተ ክርስቲያኑ የምሥረታ በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ይዛ ትመጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ስሟን በደስታ የሚያነሳው በዚያ ወጥ ነው። ጌቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ስለሆነ ከዶሮው ብልት ፈረሰኛው ሁልጊዜ ለእሱ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።

በበዓሉ ዋዜማ ወንበር ሊወስድ ቤቷ ጎራ ሲል ዶሮ ስትበልት ደረሰ። ከተቀደደው አንጀት የተቀቀለ ፓስታ የመሰሉ ነጫጭ ትሎች ዝርግፍ አሉ። የትምወርቅ ደንገጥም አላለች። አንጀቱ እንደሚጣል፣ ሥጋው በሎሚና በጨው ታጥቦ ግማሽ ቀን እሳት ላይ እንደሚውል በትዕግሥት አስረዳችው። ጌቱ ግን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ነበር።

በማግስቱ ማይክራፎን ጨብጦ፣ የጤና ጉዳይ ስለሆነ የየትምወርቅ ዶሮ ከእንግዲህ እዚህ እንደማይበላ አስታወቀ። ምእመኑ ፒዛ በላ። የትምወርቅ ድስቶቿን ከመኪናዋ ሳታወርድ፣ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ጌቱ በመስኮት አይቷት ሆዱ ባባ፤ ግን ሕዝብ ማዳን እንዲህ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሰኞ ሆዱ ጮኸ። ማክሰኞ የበላቸውን ፈረሰኞች ቆጠረ። ሐሙስ ላይ ትሉ ውስጡ ሲመላለስ ይሰማው ጀመር። ነርሲንግ የምትማረው ልጁ ሶሲ፣ ኢገን በምትባል ከተማ ወዳለው ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ፎቶውን አየችና ያ የዶሮ ትል ሰው ሆድ ውስጥ እንደማይኖር ነገረችው። ከዶሮ የሚያሰጋው ያልታጠበ እጅና ያልበሰለ ሥጋ ነው አለች። ጌቱ አላመናትም፤ የሰገራ ናሙናውን የክስ ማስረጃ እንደሚያቀርብ ጠበቃ ኮራ ብሎ አስረከበ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ሶሲ ስልኳ ላይ አንብባ ሳቋን ዋጠች።

"ዳድ፣ የኮሶ ትል ነው። ከዶሮ አይደለም፤ ከበሬ ነው። ከጥሬ ሥጋ።"

ጌቱ ጥር ላይ ወንድሙን ሊድር አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን ቢላዋ ከእጁ አልወጣም። ቁርጥ ሲጎርስ የተቀረጸውን ቪዲዮም ፓርኪንግ ውስጥ ያላሳየው ምእመን የለም። ስለ ኮሶ ደግሞ ለእሱ ነጋሪ አያሻውም፤ በልጅነቱ አፍንጫው ተይዞ ሲጋት ያደገ ሰው ነው።

መድኃኒቱን ዋጠና ነገሩ በዚያው ያበቃ መሰለው። ሶሲ ግን አለቀቀችውም።

"አናውንስ ያደረግከው በማይክ ነው፤ ሶሪ የምትላትም በማይክ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ቤተ ክርስቲያን መቀየርም አስቦ ነበር፤ የቁርጡን ቪዲዮ ግን እዚያም አይተውታል። እሑድ ማይክራፎኑን ጨብጦ ቆመ።

"የእህቴ የየትምወርቅ ወጥ ምንም አልነበረበትም። ትሉ የተገኘው እኔ ሆድ ውስጥ ነው፤ የመጣውም ከበላሁት ጥሬ ሥጋ ነው። እህቴ፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁና በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ለምዶበት "አሜን" ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። የትምወርቅ ብቻ አልሳቀችም። ጌቱን ከሰዉ ሳቅ ይልቅ የእሷ አለመሳቅ አንገበገበው።

እሷም ዶሮዎቿን የትል መድኃኒት አጠጥታ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዛትን ቀን ጠብቃ፣ ከወር በኋላ ሁለቱን ድስት ይዛ መጣች። ሰው ተሻምቶ ተሰለፈ። ጌቱ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከሕፃናቱም ኋላ ቆመ። ተራው ሲደርስ የዶሮ አንገት እንኳ ይደርሰኛል ብሎ አልጠበቀም።

የትምወርቅ ከድስቱ ጥግ ደብቃ ያቆየችውን ፈረሰኛ በጭልፋ አወጣችና ሳህኑ አናት ላይ ያዝ አደረገችው።

"ጋሽ ጌቱ" አለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ "ለአንድ ሰው ላውጣ ወይስ አሁንም ሁለት ናችሁ?"