የአያ ደምሴ ደበሎ

ባሌ ይሻው ዶሮ ሲያርድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። እንግዲህ እሱን ነው ሰው ለመግደል ሞክረሃል ብለው የከሰሱት።

ነገሩ የሆነው መስከረም ላይ፣ ጉና ተራራ ሥር ካለው ማሳችን ነው። ገብሱ ሲያሽት ጭላዳ ዝንጀሮ እየወረደ ስለሚጨርሰን ይሻው ወንጭፉን ይዞ ሲጠብቅ ይውላል። ያን ጠዋት ጉሙ ከአፍንጫ ወዲያ አያሳይም። ገብሱ መሐል ቁጢጥ ያለ ጸጉራም ነገር አየና ወነጨፈ። "ወየው፣ ሞትሁ!" የሚል የሰው ድምፅ ሲሰማ ወንጭፉን ጥሎ ሮጠ። ጎረቤታችን አያ ደምሴ የበግ ቆዳ ደበሏቸውን እንደ ለበሱ፣ ተፈንክተው፣ በደም ተነክረው ወድቀዋል። በበቅሎ ጭኖ ለሐኪም ያደረሳቸውም ራሱ ይሻው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አደጋ ነው ተብሎ ይታመንልን ነበር። ከአያ ደምሴ ጋር ግን በድንበር ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። እሳቸው ደግሞ ለፖሊስ "መንገዱ ላይ ቆሜ ሳለሁ መታኝ" ብለው ቃል ሰጡና ይሻው ታሰረ። መንገድ ላይ የቆመን ሰው "ጭላዳ መሰለኝ" የሚል ባል ይዤ ምን አፍ ይኖረኛል? ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ለብዙ ዓመት ሊፈረድበት ይችላል ሲሉኝ ግን የሰፈሩን ሳቅ ረሳሁት።

ዝም የምል ሰው አይደለሁምና አያ ደምሴ ቤት ድረስ ሄድሁ።

"አያ ደምሴ፣ ይሻው መዋሸት አይችልም። እርስዎ የደበቁት ነገር አለ" አልኋቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ" ብቻ አሉኝ። ንድድ እያልሁ ተመለስሁ።

ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት የቀጠሮው ቀን ደረሰ። አያ ደምሴ ለምስክርነት ቀረቡ፤ እጃቸውን አንስተው እንዲምሉ ተጠየቁ። እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

"ለፖሊስ ስናገር አልማልሁም ነበር" አሉ ለዳኛዋ። "በእግዚአብሔር ስም ምዬ ግን አልዋሽም። መንገድ ላይ አልነበርሁም፤ ገብሱ ውስጥ ነበርሁ።"

"ምን ያደርጉ ነበር?"

ላብ በጥምጥማቸው ሥር ወረደ።

"ሆዴ አጣደፈኝ፤ ቁጢጥ ብዬ ነበር። ጉሙ ካፊያ ስለነበረው ደበሎዬን ጸጉሩን ወደ ውጭ ገልብጬ ለብሼ ነበር። አገር የማስታርቅ ሽማግሌ ሆኜ ከተጣላሁት ሰው ማሳ ገብቼ ተጸዳዳሁ እንዴት ልበል? ለነገር ብዬ ያረከስሁበት ይመስላል ብዬ አፈርሁ።"

ችሎቱ ሁሉ በሳቅ አውካካ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን እየመቱ በሌላው እጃቸው አፋቸውን ከለሉ። እኔ እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስሁ። ለእሳቸው እፍረት ሲባል ባሌ ታስሮ መክረሙ ያንገበግበኛል፤ ግን እግራቸውን ብስም ደስ ባለኝ።

ይሻው እንዲሁ በነጻ አልተለቀቀም። "ያላዩትን ነገር ጉም ውስጥ በድንጋይ መምታትም ወንጀል ነው። ሰውየው ሊሞቱ ይችሉ ነበር" አሉት ዳኛዋ። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት በማድረስ ጥፋተኛ ብለው አንድ ዓመት ፈረዱበት። ቀጥሎ ቅጣቱ በገደብ መሆኑን፣ ሌላ ጥፋት ካላጠፋ እንደማይታሰር ነገሩት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በቅጡ አልተነፈስሁም ነበር።

ደጅ ስንወጣ ይሻው ጠባሳቸውን አይቶ አንገቱን ደፋ።

"ይቅር ይበሉኝ አያ ደምሴ። ግን ምነው አንዴ እንኳ እህ ቢሉ?"

"በዚያ ሰዓት ማን እህ ይላል? አንተም ይቅር በለኝ ልጄ።"

አቀፉት። አብረን ተሳፍረን ሄድን፤ መኪናው ከማይደርስበት ጀምሮ ሽቅብ በእግር ነው። ጉሙ ወርዶ ጠበቀን። ዘወር ስንል አያ ደምሴ ከኋላችን የሉም። ደንግጠን ቆምን።

ወዲያው ከአንድ ዓለት ጀርባ፣ ተራራውን በሚያናጋ ድምፅ "እህ! እህ! ሰው ነኝ! ደምሴ ነኝ!" ሲሉ ሰማን።

ይሻው መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከታሰረ ጀምሮ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።