የአባቷ ክንድ ሲወርድ

ልጅቱ ከስፌት ፋብሪካው ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቷ ሊወስዳት ይፈልግ ነበር፤ እሷ ግን እየጎተተች ወደ አባቷ ቤት ወሰደችው። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ስትገጥም ውላ ጣቶቿ ደንዝዘዋል፣ ወገቧም የሷ አልመስል ብሏታል። "ልጅቱ" እንበላት እንጂ አርባ ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ ለአባት ግን ልጅ መቼ ያረጃል! ባሏ ራቱን ብቻውን መብላት ከለመደ ቆይቷል። ማማረሩንም ትቶታል፤ እሷን ያስከፋት ደግሞ መተዉ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አባቷን መሰላል የከዳው ቀን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኮርኒስ ሲቀባ የኖረ፣ ሰፈሩ "ጋሽ ኮርኒስ" እያለ የሚጠራው ሰው ነው። የዚያን ቀን መሰላሉ ከሥሩ ሲንሸራተት በቀኝ እጁ የግድግዳ ጠርዝ ይዞ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሰው ደርሶ አወረደው። አጥንቱ አልተሰበረም። ግን ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልወጣ አለ። ሊያነሳው ሲሞክር፣ ጀርባው ላይ ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ከጎድኑ ተላቆ እንደ ተከፈተ መሳቢያ ይገተራል።

በሐኪም ቤት በእንቅስቃሴ የምታክመው ፊዚዮቴራፒስት ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የአሮጊት ነው። የአባትየውን ሸሚዝ አስወልቃ ለልጅቱ በጣቷ እያሳየች አስረዳቻት።

"ይሄ አጥንት ጎድን ላይ ይንሸራተታል እንጂ አልተሰካም። የያዙት ጡንቻዎች ናቸው። ክንድ ሲነሳ አንዱ ከአንገት በኩል ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሌላው ከጀርባ መሐል ወደ ታች ይስበዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በብብት ሥር ከጎድን ተነስቶ ወደ ፊት ያዞረዋል። ሦስት ሰው ትልቅ ጠረጴዛ በጠባብ በር ሲያስገባ አይተሽ የለ? አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ዞር ካላደረገው አይገባም።"

"ድር ቢያብር በይና!" አለ አባቷ።

"እሱ ነው አባባ። የእርስዎ ሦስተኛው ተኝቷል። ሲንጠለጠሉ ነርቩ ተለጥጧል። ይነቃል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እስኪነቃ ሌላ ሰው ይሥራለት።"

የልጅቱን መዳፍ ይዛ አጥንቱ ላይ አስቀመጠችው። ወደ ጎድኑ አጥብቃ እንድትይዘው፣ ክንዱ ሲነሳም የታችኛውን ጫፍ ወደ ጎን እንድትገፋው ነገረቻት። ልጅቱ ገፋች። ያ እንቢ ያለ ክንድ ሽቅብ ወጣ፣ ጣቶቹ ወደ ኮርኒሱ ተዘረጉ። አባቷ ቀና ብሎ እጁን አየና እንደ ልጅ ሳቀ።

"ማውረዱን ልብ በይ" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። "ሲነሳ ሌሎቹ ይሸፍኑለታል። ድካሙ የሚጋለጠው ሲወርድ ነው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ ከሥራ በወጣች ቁጥር አባቷ ዘንድ ትሄዳለች። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል፤ የወንድሟ ድርሻ በስልክ "አይዞሽ" ማለት ነበርና ሎሚው ሁሉ እሷ ላይ ቀረ። እሷም አልተናገረችም። አንዳንዴ አባቷ ክንዱን ሲያነሳና ሲያወርድ ቆማ ታንቀላፋለች፤ ግንባሯ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ነው የምትባንነው። እሱ ዝም ብሎ ይቆይላታል።

በዚህ ሳምንት ግን አንድ ነገር መጣ። ፋብሪካው ከእሷ የስፌት መስመር ሠራተኞች ለሱፐርቫይዘርነት ስልጠና የመረጠው እሷን ነው። ከእንግዲህ ማሽን ላይ ሳትጎብጥ፣ ቆማ እየተዘዋወረች ልትሠራ ነው። ስልጠናው ግን ከሥራ በኋላ ነው፣ በየቀኑ፣ ልክ አባቷ ዘንድ በምትሄድበት ሰዓት። መልሷን ነገ ጠዋት ይጠብቃሉ። ለማንም አላወራችም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። የአባቷን ቤት ደረጃ ስትወጣ መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ አልችልም ልትላቸው ነው።

አባቷ ሸሚዙን አውልቆ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ጃኬቷን በግራ እጁ ከበሩ በላይ ሰቅሎላት ተመልሶ ተቀመጠና የጎረቤቱን ድመት ወሬ ጀመረላት። መዳፏን አጥንቱ ላይ አሳረፈች። ክንዱ ወጣ። ከዚያ ወረደ፤ መዳፏ ሥር ግን ምንም አልሆነም።

ሁልጊዜ ክንዱ ግማሽ መንገድ ሲወርድ አጥንቱ ቋ ብሎ እጇን ይገፋት ነበር። ዛሬ ተንሸራቶ ቦታው ገባ። በብብቱ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር ሲወጠር ተሰማት።

"ድገመው እስቲ" አለችው። እሱ ወሬውን ሳያቆም ደገመው።

በሁለተኛው መዳፏን አላላች። በሦስተኛው ጨርሳ አነሳችው። ክንዱ ብቻውን ወጣ፣ ብቻውን ወረደ፤ በእርጋታ፣ ምንም ሳይዘል።

"ዛሬ እንዴት ነው አባዬ?"

"ኧረ ምኑን! ያላንቺ እጅ እኮ ንቅንቅ አይልም" አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ደሟ ፈላ። ቆማ ያንቀላፋችባቸው ምሽቶች፣ ባሏ ብቻውን የበላው ራት፣ ነገ የምትሰጠው መልስ አንድ ላይ መጡባት።

"እጄ የለም አባዬ። ካነሳሁት ቆይቻለሁ።"

አባቷ ክንዱን ጭኑ ላይ አሳርፎ ግድግዳውን አየ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ሰነበተ።"

"ሰነበተ? እኔ እዚህ ቆሜ ስተኛ አንተ ሰነበተ ትለኛለህ? ለሱፐርቫይዘርነት መርጠውኛል እኮ! ስልጠናው ማታ ማታ ነው። ነገ ጠዋት፣ አባቴ ክንዱ አይነሳም፣ አልችልም ልላቸው ነበር!"

"አልነገርሽኝም።"

"አንተስ ነገርከኝ?"

የጎረቤት ሬዲዮ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። አባቷ ፊቱን ሳያዞር መናገር ጀመረ።

"የነቃ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ስትመጪ ልነግርሽ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ መጣሽና እጅሽን አሳረፍሽ። እጅሽ ሞቃት ነው። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን የነካ ሰው የለም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ሲወርድ ሆን ብዬ ስለቀው ሰነበትኩ፤ ዛሬ በወሬ ረሳሁት።"

ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። የቀራት ድካሙ ብቻ ነበር። ግድ የለም፣ ስልጠናው ይቅር ልትለው አፏን ከፈተች።

አባቷ ግን ቀድሟት ተነሳ። ወደ በሩ ሄዶ ቀኝ ክንዱን አነሳ፤ ከበሩ በላይ፣ ረጅም ሰው ብቻ ከሚደርስበት ምስማር ጃኬቷን አወረደ። ክንዱ ሲወርድም ቀጥ ብሎ ወረደ። ጃኬቱን ዘርግቶ ያዘላት።

"ልበሺና ሂጂ። ነገ ጠዋት እሺ በያቸው።"

እጆቿን በእጅጌዎቹ አስገባች። ፊቱን ልታየው ፈለገች፤ እሱ ግን ከኋላዋ ሆኖ ኮሌታዋን ያስተካክላል።

"እሑድ እመጣለሁ" አለችው።

"እሑድ ምን ልትሠሪ? ድኛለሁ እኮ!"

"ጀርባህን አሽልሃለሁ።"

አባቷ በሩን ይዞ፣ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ቆመ።