ሦስቱ ምስክሮች

ዜግነት ለማግኘት ሦስት ጎረቤቶች በዜግነት ቢሮው ኃላፊ ፊት ቀርበው "እናውቀዋለን" ብለው መመስከር ነበረባቸው። እኔ ከእህቴ ጋር ወደዚህ አገር የመጣሁት በሃያ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ቤት እሠራለሁ።

መጀመሪያ አከራዬ ገቡ።

"ይሄን ልጅ? አዝዬ ነው እኮ ያሳደግኩት!" አሉ።

አዝነውልኝ የዋሹ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ቀጥሎ የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ገባና ሳቀ። "የመጀመሪያ ፀጉሩን የላጨሁት እኔ ነኝ። ሲያለቅስማ መንደሩን ነው ያናወጠው!"

ሦስተኛው ምስክር፣ ጡረተኛው መምህር፣ ከደረት ኪሳቸው የደበዘዘ የክፍል ፎቶ አወጡ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጅ እኔ ነበርኩ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ እንኳ የእኔው ነው።

በጣቴ ግንባሬን ዳሰስኩ።

"እዚህ ነው ያደግከው ማለት ነው?" አሉ ኃላፊው ማኅተሙን አንስተው። "አይ ካልክ ግን ምስክሮችህ ውሸታሞች ናቸው፤ አንተም እህትህም ትባረራላችሁ።"

እህቴ ኮሪደር ላይ እየጠበቀችኝ ነበር። የምትሄድበት ሌላ ቤት የላትም።

"አዎ፣ እዚሁ ነው ያደግኩት" አልኩ።

ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ። ሦስቱም እያቀፉኝ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጃችን!" አሉኝ። አከራዬ የሕፃንነት ጠረኔን የሚያውቁ ይመስል አንገቴን አሸተቱኝ።

ወረቀቴን ይዤ ወደ እህቴ ሮጥኩ። እሷ ግን ትንሽ ወደ ኋላ አለችና በትሕትና ጠየቀችኝ።

"ይቅርታ፣ ወንድሜ እዚህ ገብቶ ነበር። ውስጥ አላዩትም?"

በስሟ ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ስሟ ጠፋኝ።